በቃኝ ስትላቸው የሚያምኑህ አገር

ደሴ ያሉት ልጆች ዛሬም ኢንቦክስ ገብተው «አቦ አንተማ ተገላገልክ፣ ለንደን ሆነህ እንዳሻህ ትጽፋለህ ትናገራለህ፣ እኛንም ሳበን እንጂ» ይሉኛል። እሺ፣ እዚህ መናገር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁና ፍረዱ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ ኮምቦልቻ ባቲ ሐይቅ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ፣ በየመን አድርጋችሁ ሳዑዲ አትሂዱ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የምለፈልፈው ልጅ ነኝ። በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ስታባርር ከኛ ሰፈርም ስንቱ በፌስታል ልብስ ብቻ ይዞ እንደገባ በልጅነቴ አይቻለሁ፣ መጻፍ የጀመርኩትም በዛ ነው። (አዎ፣ አትሂዱ ባዩ ራሱ ሄደ። በፕሌን ስለሆነ አይቆጠርም እላለሁ፣ እናንተ ሳቁ።)

እና አንድ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ንግግር አድርግ ተብዬ ተጠራሁ። ሱፍ ተዋስኩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከፍርሃት የተነሳ እህል በአፌ አልዞረም። የሰጡኝ አምስት ደቂቃ ነው። ወሎዬ በአምስት ደቂቃ ሰላምታውን ይጨርሳል እንዴ? እኛ ጋ እኮ ቁምነገር የሚነሳው አቦሉም ቶናውም አልፎ በረካው ላይ ነው፣ እሱም ዱዓ ከተደረገ በኋላ። እዚህ ግን አንዲት ልጅ ፊት ለፊቴ ሰዓት ይዛ ቁጭ ብላ ሁለት ደቂቃ ቀረህ የሚል ካርቶን ታነሳለች፣ እኔ ገና ስለጋበዛችሁኝ እያመሰገንኩ ነው። እንደምንም ስለ ኦቦክ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ደላላው ተናገርኩ።

ጨርሼ ዞር ስል ከኋላዬ ስክሪኑ ላይ ኮረም። የ77ቱ ፎቶ። ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክ ለዓለም ያሳየው፣ በዛው ዓመት ሐምሌ ዌምብሌ የተዘፈነለት ረሃብ። ረሃቡን አልክድም፣ አያቴ የቀበረቻቸውን በስም ትቆጥራለች። ግን እኔ ያኔ አልተወለድኩም፣ እናቴ ራሷ ሕፃን ነበረች፣ ያወራሁትም ስለ ሌላ ነገር ነው! አምስቱን ደቂቃ ሙሉ እኔ ሳወራ ሰው የሚያየው ያንን ፎቶ ነው።

ከዛ መውጫው ላይ አንዲት ደግ አሮጊት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ መጡና እጄን ያዙኝ፣ «አሁንስ ዝናብ አለ ወይ?» አሉኝ። ስለ ኦቦክ አይደለም እንዴ የለፈለፍኩት? አለ አልኳቸው። ቀጥለው ከቦርሳቸው በፎይል የተጠቀለለ ሳንድዊች አወጡ። ከተጋበዘው ሁሉ ለኔ ብቻ! የቤንጋሊው ልጅ አጠገቤ ቆሟል፣ የፖላንዷ ልጅ ቆማለች፣ ለነሱ የለም። ፊቴ ጋለ። ክብሬን ጠብቄ «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» አልኩ። እንግዲህ በኛ ደንብ በቃኝ መጀመሪያው ነው፣ ገና «እኔ ልሙት» አለ፣ «አፈር ስሆን» አለ፣ ቢያንስ ሦስቴ ተለምነህ ነው የምትቀበለው። ሴትየዋ «ኦኬ ዳርሊንግ» ብለው ሳንድዊቹን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዚፑን ሲዘጉት ድምፁ እስካሁን ይሰማኛል። እንቁላል ነበረበት መሰለኝ። በባቡር እየሄድኩ ለምን ሰጡኝ ብዬ ልናደድ ወይስ ለምን ወሰዱት ብዬ አላውቅም፣ ወላሂ ሁለቱንም ተናደድኩ።

የኛስ ሰው ይሻላል እንዳትሉ። ሐበሻው ስብሰባ ላይ ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ማይክ የያዘ አይለቅም፣ አርባ ደቂቃ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ «በአጭሩ» ይልሃል። ማታ ደግሞ ምግብ ቤት ተሰብስበን በዋለልኝ መኮንን እንጣላለን። የሚገርመኝ እሱ ነው፣ የኛው የወሎ ልጅ፣ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምሮ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በ1962 ስለ ብሔረሰቦች የጻፋት አጭር ጽሑፍ፣ ውደዱትም ጥሉትም፣ ዛሬም ለንደን ውስጥ ሽሮ ታስቀዘቅዛለች። ግን ልብ በሉ፣ የጻፋት እዛው ሆኖ ነው፣ ጉዳዩ ጉዳያቸው ለሆነ ተማሪዎች። ማንም ሳንድዊች አልሰጠውም።

እና ወንድሞቼ፣ ወጥቼ ድምፄን አሰማለሁ የምትሉት፣ መጀመሪያ ወረቀትህን ትጠብቃለህ፣ ስትጠብቅ ጽሑፍህ ሁሉ ስለ ወረቀት ይሆናል። ከዛ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትደረድራለህ፣ የምትጽፈው ባስ ላይ እንቅልፍ ካላሸነፈህ ነው። ላይክ አለ፣ አልዋሽም፣ አገር ቤት ከነበረኝ እጥፍ ድርብ ነው። ግን እዚህ ከመጣሁ በኔ ጽሑፍ የቀረ ሰው አላውቅም። ኮምቦልቻ ግን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሰምታኝ በነጋታው ለደላላው የከፈለችውን ቀብድ ልታስመልስ እናቷን ይዛ ሄደች። ደላላው ሞልጮ ተሳደበ፣ ብሩንም አልመለሰም፣ ልጅቷ ግን ቀረች። አምና ማትሪክ ወስዳለች ብለው ነገሩኝ።

ስለዚህ ሳበን የምትሉትን ተዉና ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡ፣ መንገዱ በዛ በኩል አይደል የሚያልፈው። ሜጋፎኑ እኛ ቤት አልጋ ስር ነው፣ እማዬን ጠይቋት። ቡና ሳታጠጣ ስለማትለቃችሁ በጊዜ ሂዱ፣ ባትሪው ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ ትርፍ ያዙ።