አንድ ኮረብታ፣ ሁለት ፈቃድ

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ ላይ የድንጋይ ካባ ፈቃድ ያለው የወጣቶች ማኅበርና ግርጌው ላይ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፈረ ባለሀብት ሊካሰሱ ሲሉ ጠሩኝ። ሁለቱም ወረቀት ይዘው "መሬቱ የኔ ነው" ይላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እነሱ ያላቸው የመጠቀም መብት ነው። ይህን ስነግራቸው አኮረፉ፤ ለድርድሩ ግን በጀ አሉ።

አስቀድሜ ኮኦርዲኔቱን፣ ማለትም የወሰን ነጥቦቹን የቦታ ቁጥሮች አየሁ። የማኅበሩ ነጥቦች ከድሮ ካርታ በአዲንዳን፣ የቀድሞ ካርታዎቻችን በተሠሩበት የመለኪያ ሥርዓት፣ የተነሱ ናቸው፤ የጉድጓዱ በጂፒኤስ፣ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊው ጂ ኤስ 84 ሥርዓት። ሳያስማሙ አንድ ካርታ ላይ ካሰፈሯቸው ወደ 200 ሜትር ይዛነፋሉ። ወደ አንድ ሥርዓት ስቀይራቸው የጠቡ ግማሽ ሄደ።

የቀረውን ቆርሼ ላካፍላቸው አልሞከርኩም። አንዱ የሚፈልገው ጥቁር ድንጋዩን፣ ሌላው ከሥሩ ያለውን ውኃ ነው። አፋር፣ ዱብቲ ካሉት የእንፋሎት ጉድጓዶችም አንዳንዶቹ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳሉ፤ ከላይ የሚይዙት ቦታ ግን ጥቂት ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ 678/2002 እያለ ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) የራሱ አዋጅ የወጣለት አለምክንያት አይደለም።

ስለዚህ በጥልቀትና በሰዓት ተደራደርን። ፓምፑ አርፎ ውኃው ሲረጋ የውኃው ላይ የቆመበትን ከፍታ ለካን፤ የመለኪያውን ገመድ የማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ እንዲይዝ አደረግሁ፣ ኋላ "ተጭበረበርኩ" እንዳይል። የካባው ወለል ከዚያ ከፍታ በላይ እንዲቀር ተፈራረሙ። ድማሚት የሚፈነዳበት ሰዓት ቀድሞ ይነገራል፣ የነዳጅ በርሜል ከጉድጓዱ በላይ አይቀመጥም፣ ከፍንዳታው በፊትና በኋላ የውኃ ናሙና ይወሰዳል። የ"በፊት" ናሙና ከሌለ "ደፈረሰ፣ አልደፈረሰም" ማለቂያ የለውም። መንገዱን ማኅበሩ በጠጠር፣ ባለሀብቱ በግሬደር ኪራይ ይጠግኑታል።

ሁሉም አለቀ ስንል መንገድ ዳር ማሽላ ያላቸው አንድ አዛውንት "ልጄ፣ እናንተ ላይና ታች ተካፈላችሁ፤ መሃል ያለው ማሽላዬስ?" አሉኝ። ስማቸው በሁለቱም ፈቃድ ላይ የለም። የካሳ አዋጁ 1161/2011 መሬቱን ለሚለቅ ሰው ነው፤ እሳቸው አልለቀቁም፣ የሲኖትራክ አቧራ ነው የለበሱት። ለእኔ ከውሉ ሁሉ የሚሻለው በዚህ ምክንያት የገባው አንቀጽ ነው፦ ባለሀብቱ ከጉድጓዱ ውኃ ይሰጣል፣ ማኅበሩ በቦቴ መንገዱ ላይ ያርከፈክፋል። በቀን ስንቴ የሚለውን አሁንም እየተከራከሩበት ነው።