ከሰው ቴአትር የመጡ ሁለት ሰዎች

ዛሬ የቶም ስቶፓርድን ተውኔት «ሮዘንክራንትዝ እና ጊልደንስተርን ሞተዋል» ሳነብ ዋልኩ። ሁለቱ የሼክስፒር «ሃምሌት» ውስጥ ብቅ ጥልቅ የሚሉ የልዑሉ የሃምሌት የልጅነት ጓደኞች ናቸው። ሞታቸውን እንኳ አናይም። አምባሳደር መጥቶ «ሞተዋል» ይላል፣ አለቀ። ስቶፓርድ እ.ኤ.አ. በ1966 ዋና ገጸ ባሕርይ አደረጋቸው። ብቅ ጥልቅ ማለት አሁን የሃምሌት ተራ ሆነ!

መክፈቻው ላይ ሳንቲም እየወረወሩ ይወራረዳሉ፤ ሁሌም ያው አንዱ ገጽ ይወጣል። ይሄ ግራ የገባው የመጠበቅ ወሬ የሼክስፒር አይደለም፣ ሁለት ሰዎች የማይመጣ ሰው የሚጠብቁበት የቤኬት ተውኔት፣ የ«ጎዶን ሲጠብቁ» ቃና ነው። ሰዎቹን ከአንዱ፣ ወሬያቸውን ከሌላው። ድፍረት ነው መቼም!

ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ብሬክትም በ1928 የጆን ጌይን የ1728 «የለማኞች ኦፔራ» ወስዶ «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ»ን ሠራ። የጌይ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ሽፍታው ማክሂዝ፣ ግን ብሬክት ጋ ሲደርስ ቁጭ ነጋዴ። እኔ ይሄኛው ማክሂዝ ይበልጥብኛል።