ውሻው የተመለጠው የቱ ጋ ነው?

ድሬ ላይ የውሻ ፀጉር ሲሳሳ ከሁሉም ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ሙቀቱ ነው፣ ያልፍለታል።» ሙቀት ፀጉር ያራግፋል፣ እውነት ነው። የሚያራግፈው ግን መላ ገላውን በእኩል ነው፤ ከሥሩ አዲስ እየበቀለ፣ ቆዳውም ጤነኛ እንደሆነ። ቆዳው በአንድ ቦታ ከታየ፣ ከቀላ፣ ከወፈረ ወይም ከሸተተ ጥፋቱን በፀሐይ ማላከክ ውሻውን ለወራት ማሰቃየት ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት የተመለጠበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ወገቡና ጅራቱ ሥር ከሳሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁንጫ ነው። ፀጉሩን ወደ ኋላ ገልብጦ ከቆዳው ላይ ያለውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ማራገፍ ነው። ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም ተፈጭቶ የወጣ የውሻው ደም። ካልለቀቀ የድሬ አቧራ ነው። ቁንጫ ከተገኘ ውሻውን ብቻ ማከም ድካም ነው፣ ምክንያቱም እንቁላሉና እጩ ያሉት የሚተኛበት ጆንያና የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ጆንያውን በየሳምንቱ በፈላ ውኃ መንከር፣ ወለሉን መጥረግ፣ መድኃኒቱንም ቢያንስ ለ3 ወር ሳያቋርጡ መቀጠል ይገባል።

የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ተመልጦ ሌሊት ሳይቀር የሚያክ ከሆነ እከክ ነው የምለው። የጆሮውን ጠርዝ በጣት አሸት አሸት ሲያደርጉት የኋላ እግሩ ለማከክ ብድግ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ምንም ባያገኝም እከክ የለም ማለት አይደለም፤ እከኩን የሚያመጡት በዐይን የማይታዩ ተባዮች ጥቂት ስለሆኑ በፍቂያ ብዙ ጊዜ ያመልጣሉ። ይህ እከክ ሰውም ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ያሉት ውሾች በሙሉ አብረው ይታከማሉ።

ቡችላ ዐይኑ ዙሪያና አፉ ዳር ሳስቶ እምብዛም ካላከከው ግን ሌላ ነው። ዴሞዴክስ የሚባለው ተባይ ከእናቱ ጡት በሚጠባበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚተላለፍ ሲሆን ወደ ሰው አይመጣም፤ ጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። እዚህ ላይ «ለማሳከኩ» ተብሎ የኮርቲዞን መርፌ ከተወጋ ሰውነቱ መከላከል ያቅተውና ወደ መላ ገላው ይዛመታል። ክብ ክብ ሆኖ ጠርዙ የሚቀላው ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ልጆች እስኪታከም ድረስ አይቀፉት።

በጣም የሚያስፈራኝ ለከብት የተዘጋጀውን ኢቨርመክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት በግምት መውጋት ነው። 1 በመቶ የሚለው ጠርሙስ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ይህ 1 ሚሊ ሊትር የ50 ኪሎ ጥጃ መጠን ነው፤ 10 ኪሎ ውሻ ላይ ሲገባ አምስት እጥፍ ይሆናል። ኮሊ የሚባለው ዘር ደም ያለበት ውሻ በጥቂቱም ይመረዛል፦ ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ መነሳት ያቅተዋል። ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ቆሞ የራስን ክብደት መቀነስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቁጥሩን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። መድኃኒቱ የተባዩን እንቁላል ስለማይገድል አንድ መርፌ አይበቃም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ላምባና የተቃጠለ የመኪና ዘይትማ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል።

በሁለቱ ጎኖቹ እኩል ሳስቶ የማያክ፣ ምግቡ ሳይጨምር የሚወፍር፣ በድሬ ሙቀት እንኳ ፀሐይ ፍለጋ የሚሄድ አዋቂ ውሻ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህን በሻምፖ የሚያድን የለም።

ስለ ገላ መታጠብ፦ የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ከባድ ውኃ ነው። የልብስ ሳሙና ከእሱ ጋር ሲገናኝ ፀጉሩ ላይ ደረቅ ቅሪት ይተዋል፤ ቆዳውም ይነጣል፣ ያሳክካል። የውሻ ሻምፖ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይበቃል፤ የሚያስለቅቀው ውኃ ጠርቶ እስኪወርድ ማጠብ፣ ከዚያም ጥላ ውስጥ ማድረቅ።

ምግቡስ? ፀጉር ማለት ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። የማሽላ እንጀራ ፍርፋሪና አጥንት ብቻ የሚበላ ውሻ ፀጉሩ ይደበዝዛል፤ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ለቆዳ የሚያስፈልገውን ዚንክ ስለሚይዝበት አፍንጫውና መዳፉ ቅርፊት ሊያወጣ ይችላል። የበሰለ ጉበት በጥቂቱ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የተቀቀለ እንቁላል፣ ለ10 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ የሱፍ ዘይት ከምግቡ ጋር ልዩነት ያመጣሉ። ለውጡን ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይጠብቁ «አልሠራም» ብሎ መተው አይገባም። የወለደች ውሻ ደግሞ ከወራት በኋላ ፀጉሯ በብዛት ሊረግፍ ይችላል፤ ቆዳዋ ንጹሕ ከሆነና የምታክ ካልሆነ ምግቧን አጠናክሮ መጠበቅ ነው።