ባትሪው ለማን ነው?

ዛሬ እንዲሁ ሆድ ብሶኝ ዋለ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ የለኝም። ሙቀቱ ይሆናል። የአዳማን ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ራሱ ይለበልባል፤ አቧራው በር ቢዘጋም መግቢያ አያጣም።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጣሪያችን ላይ ያሉት ፓኔሎች ያን ሁሉ ፀሐይ እየጠጡ ምንም አይሰጡንም። ጎረቤታችን እትዬ "እናንተማ ሶላር አላችሁ፣ ምን ቸገራችሁ" ይሉኛል። አለን። ባትሪ ግን የለውም። ባትሪ የሌለው የኛ ዓይነቱ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የፓኔሎቹን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው መሣሪያ፣ ኢንቨርተሩ፣ የሚሠራው የዋናውን መስመር ኃይል እየተከተለ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን ያጠፋል። እንዲህ የሆነውም ለሰው ሕይወት ተብሎ ነው፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከኛ ጣሪያ በሄደ ኤሌክትሪክ እንዳይያዝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ፓኔሎቹ ላይ መናደድ ትቻለሁ።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ቆቃ አፍንጫችን ስር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ግድብ። የነፋስ ማመንጫዎቹ ኮረብታው ላይ ሲዞሩ ከደጃችን ይታያሉ። ህዳሴም ጷግሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ያን ቀን ከደስታ ብዛት አልቅሻለሁ። ግን የሰፈራችን ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግድቡ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ባትሪ። ባለቤቴ ማታ ማታ ወረቀት ይዞ ያሰላል። ሊሠራልን የመጣው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው ያሳየን። አንደኛው ጄል የሚሉት፣ የእርሳስ ባትሪ ነው። ዋጋው ቀለል ይላል። ግን ከያዘው ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙበት፤ ደጋግማችሁ ከዚያ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ሙቀትም ጠላቱ ነው። የሚስማማው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ይህ አዳማ ላይ፣ ቆርቆሮ ስር ሲሆን አስቡት። ሁለተኛው ሊቲየም ነው። ዋጋውን ስሰማ ዝም አልኩ። ግን ከያዘው አብዛኛውን ይሰጣል፤ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል።

"ምጣዱንስ ይችላል?" አልኩት። ልጁ ሳቀ። "እህቴ፣ ምጣዱን እርሺው" አለኝ። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ባለቤቴ የመረጠው 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዘውን ነው፤ ጋግሬ ሳልጨርስ ባዶ ይቀራል። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለዋይፋይና ለፍሪጅ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይበቃል።

ለፍሪጅ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ይህችን ብቻ ነው። የእማዬ ኢንሱሊን እዚያ ነው ያለው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል ተብለናል። እዚህ ቤት በግንቦት ከ30 በታች የሆነ ጥግ ፈልጋችሁ አግኙልኝ።

እማዬ መላ አላት። መብራት ሲጠፋ የተከፈተውን ብልቃጥ በላስቲክ ጠቅልላ ትንሿ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ማሰሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ትጠመጥማትና ነፋስ የሚገባበት ጥላ ስር ታኖራታለች። ውኃው እየተነነ ያቀዘቅዛታል። እውነቷን ነው፣ ነርሷም አመስግናታለች። ላልተከፈተው ግን አይሆንም። ያንን ይዤ በረዶ ፍለጋ ቡና ቤት ለቡና ቤት የዞርኩበት ቀን አለ። ከበረዶው ጋር እንዳይነካካ መጠንቀቁ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነው፤ ኢንሱሊን አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ አይረባም።

ስለ ባትሪው ስነግራት "ለኔ ብለሽ ነው? ተይው፣ ልጄ። ማሰሮዋ ምን አደረገችሽ?" አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ "አሰላ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ" አለች።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ትላታለች። አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከአዳማ ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ በግንቦትም ማታ ጋቢ ይደረባል። ቤቷ እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉ ጎረቤት ዘንድ ነው። የሚካኤል ማኅበሯ እዚያ ነው። ስኳሩ ሲገኝባት ነው ያመጣኋት፤ "ለጊዜው" ብዬ። እሷም "ለጊዜው" ብላ ነው ሁለት ቀሚስ ይዛ የመጣችው። እዚህ ጎረቤቶቹ ያከብሯታል፣ ልጆቼ ይወዷታል። ከሰዓት በኋላ ግን በረንዳው ላይ ስትቀመጥ ፊቷን ወደ ደቡብ ነው የምታዞረው።

ዛሬ የገባኝ ነገር አለ። እማዬ "ልሂድ" አትልም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ አይወጣም፤ ልጄ ይከፋታል ብላ ታስባለች። ሙቀቱን ታማለች፣ መብራቱን ታማለች፣ መድኃኒቱ ተበላሸ ትላለች። ለመሄድ ያላት ምክንያት ይኸው ብቻ ነው። ባትሪውን ካስገባሁ ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ማራገቢያውም ይዞራል። ያኔ ምን ብላ ትሂድ?

በሌላ በኩል ደግሞ አሰላ ብቻዋን ሆና ሌሊት ስኳሯ ቢወርድስ? ማን ያያታል? እዚህ ሌሊት ተነስቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ጠዋት መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ። ይህን ለማን ልስጥ? እውነቱን ለመናገር ደግሞ ያለ እሷ ይህ ቤት ቤት አይመስለኝም። እንድትቀር የምፈልገው ለጤናዋ ይሁን ለኔ፣ መለየት አቅቶኛል።

ልጁ እስከ ቅዳሜ መልስ ስጡኝ ብሏል። ባለቤቴ ሊቲየሙን ወስኗል፣ እኔን ነው የሚጠብቀው። እማዬን ፊት ለፊት ብጠይቃት "እንደፈቀድሽ፣ ልጄ" ነው የምትለኝ፤ አውቃታለሁ። እንደፈቀደችው እንድትነግረኝ ምን ብዬ ልጠይቃት?