የዲኤንኤ ውጤት ያልጠበቃችሁትን ዘመድ ሲያወጣ

የዘር ሐረግ የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት ሲደርስ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ዘሩ ከየት ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ባለቀለም ካርታ ነው። ባሕር ዳር ለተወለደ ሰው ግን ካርታው ብዙ አይነግረውም። አብዛኛው ድርሻ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» በሚል አንድ ክፍል ተጠቃሎ ይወጣል፤ የአገውና የአማራ፣ የዘጌና የደንቢያ ልዩነት አይታይበትም። ጣና ዳር ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ቤተሰቦችም ለብቻቸው አይወጡም። ያልታወቀ ዘመድ የሚገኘው ከካርታው ሥር ካለው የተዛማጆች ዝርዝር፣ ማለትም ተመርምረው ከእናንተ ጋር ዲኤንኤ ከሚጋሩ ሰዎች ዝርዝር ነው።

ካርታው የሚያስደነግጠው ጥቂት በመቶ «አረብ» ወይም «አውሮፓ» ሲያሳይ ነው። «ቅድመ አያቴ የመናዊ ነጋዴ ነበሩ ማለት ነው?» ይባላል። ይህ ብቻውን ያንን አያሳይም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት በሴማዊና በኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከአፍሪካ ውጭ የመጣው ድርሻ ከ40 እስከ 50 በመቶ እንደሚሆን፣ መቀላቀሉም የሆነው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገምቷል። ጥንታዊውን ከቅርቡ የሚለየው የዲኤንኤ ቁራጮቹ ርዝመት ነው። ዲኤንኤ በየትውልዱ እየተቆራረጠ ስለሚተላለፍ የጥንቱ ደቅቆ በሁሉም ክሮሞዞም ላይ ተበትኗል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የገባ ከሆነ ግን ገና ረጃጅም ሆኖ ይገኛል። አንድ ቅድመ አያት በአማካይ 12.5 በመቶ ያወርሳል። ስለዚህ 11 በመቶ «ደቡብ አውሮፓ» በረጃጅም ቁራጮች ከታየና አባት ተመርምረው ወደ 25 በመቶ የሚጠጋ ካወጡ፣ ነገሩ የአባት አያት ጋ ነው። ተበታትኖ የሚታይ 2 በመቶ ከሆነ ተዉት።

የተዛማጆቹ ዝርዝር ላይ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ የሚቆጠረው በሴንቲሞርጋን፣ ማለትም በዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ ነው። ወላጅና ልጅ 3,400 ገደማ ይጋራሉ፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች 2,600 ያህል፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ከ1,700 እስከ 1,800፤ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች 850 ያህል፤ የእነዚህ ልጆች ደግሞ እርስ በርሳቸው 230 ገደማ። ሁሉም አማካይ ነው፣ ከፍና ዝቅ ይላል። 1,750 የሚጋራችሁ ሰው በአባት ብቻ የሚገናኛችሁ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ አጎትም፣ አያትም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚለየው ዕድሜ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ፦ ከተዛማጆቹ መካከል በጉዲፈቻ ውጭ አገር ያደጉ ይኖራሉ (ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለችው በ2010 ዓ.ም. ነው)፣ የእነሱ የወረቀት ዕድሜ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ከ7 ሴንቲሞርጋን በታች የሆነ ነጠላ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ስለሆነ አትከተሉት።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ለሁለት መክፈል ነው። በእናት በኩል በእርግጠኝነት የምታውቁትን አንድ የአክስት ልጅ አስመርምሩ። ከእሷም ጋር የሚዛመዱት የእናት ወገን ናቸው፤ የማይዛመዱት የቅርብ ተዛማጆች አብዛኞቹ የአባት ናቸው። በስም መፈለግ እዚህ አገር አይሠራም፤ የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ የአባቱን ስም ነው የሚያስከትለው። በዚያ ላይ «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ተጽፎ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ።

ያኔ ነው ወደ ሽማግሌ የሚኬደው። በጎጃም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ እስከ አቅኚ አባቱ፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አያት ድረስ ዘሩን መቁጠር ነበረበት። ያን ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሱ ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። «ዘመድዎ ማነው?» ብትሏቸው ሁለት ሦስት ስም ጠርተው ዝም ይላሉ። «አባባ፣ ርስት ከነማን ጋር ነበር የምትካፈሉት? በየትኛው አቅኚ?» ካላችሁ ግን ወንድሞቹ፣ ሌላ መንደር ያገቡት እህቶች፣ ከቤት የወጣው ልጅ ሳይቀር ይወርዳል። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ለየብቻ ጻፉ፤ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር መዝግቡ። ለክርክር የተቆጠረ ዘር ለክርክር እንዲመች ሆኖ ሊቆጠር እንደሚችል አትርሱ። የጡት ልጅ፣ የጉዲፈቻ ልጅና አበልጅም ከዘመድ ይቆጠራሉ፤ ዲኤንኤው ላይ ግን የሉም። ይህ ማንም ዋሸ ማለት አይደለም።

ሰባት ቤት መቁጠርም ከምርመራው ጋር አይገጥምም። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሲኬድ 128 ወላጆች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው አማካይ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከቅድመ አያት ወላጆች የሚገናኙ ሁለት ሰዎች እንኳ ከአሥር አንዴ ያህል ምንም የጋራ ቁራጭ ላይገኝባቸው ይችላል። በሌላ በኩል፣ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያገባ ቤተሰብ የአጎት ልጅ እንደሚያገቡ ሕዝቦች የሴንቲሞርጋኑ ቁጥር የተዛባ አይሆንበትም።

ከቤተሰቡ መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው በዕድሜ የገፉት ናቸው፣ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ ተነግሯቸው ከፈቀዱ። ናሙና ከመስጠታቸው በፊት 30 ደቂቃ ምንም አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ጫትም አይቅሙም፤ ስለዚህ ቡናው ሳይፈላ ይወሰድ። ምራቅ የሚጠይቀው ኪት (የናሙና መውሰጃ ዕቃ) ለአረጋውያን ያስቸግራል። አፍ ስለሚደርቅ ጉንጭን ከውጭ ማሸት ይረዳል፤ አረፋው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ነው ምልክቱ ድረስ መድረስ ያለበት። ጉንጭ ውስጥ በሚታሽ ጥጥ የሚሠራው ይቀላል። ቱቦው ላይ ያለውን ቁጥር ከመላካችሁ በፊት በሰውየው ስም አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ናሙና የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉም ኩባንያ ወደ ኢትዮጵያ ስለማይልክ ሳትከፍሉ አጣሩ።

የቅርብ ተዛማጅ ስታገኙ የመጀመሪያው መልእክት አጭር ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ። 1,750 ሴንቲሞርጋን እንጋራለን ይላል። የእኔ ቤተሰብ ከባሕር ዳርና ከዘጌ ነው፤ የእርስዎስ?» «አባትዎ አባቴ ናቸው» የሚለውን፣ እውነት ቢሆንም፣ አትጻፉ፤ ያ ሰው ውጤቱን ከነቤተሰቡ ተሰብስቦ እያየ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ስምም አንዳንዴ የተመርማሪው ሳይሆን አካውንቱን የሚያስተዳድረው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስም ነውና መጀመሪያ ናሙናው የማን እንደሆነ ጠይቁ።