ኦርኬስትራና የባቲ ገበያ

ለእረፍት ደሴ ነኝ። ዘንድሮ ስለ ለንደን ብርድና ስለ ቤት ኪራይ የሚጠይቀኝ የለም፤ አንዲት የአገራችን ልጅ ከኦርኬስትራ ጋር ጽሑፏን ስታነብ ቀርጬ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ የለቀቅኳት አጭር ቪዲዮ ጉድ አፍልታ ጠበቀችኝ። አክስቴ ገና ጀበናውን ሳትጥድ "እስቲ ንገሪን፣ ያ ሁሉ ቫዮሊን የተደረደረው ለዚህች ልጅ ነው?" አለች።

ለሷም ነው እትዬ። በምኖርበት ሰፈር የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ጡረታ የወጣችው ነርስም ይጽፋሉ። አንድ ኦርኬስትራ ከእነሱ ጽሑፍ መርጦ በሙዚቃው መሀል ራሳቸው እንዲያነቡ ጋበዘ። ንባብን ከኦርኬስትራ ማዋሃዱ እንኳን አዲስ አይደለም፣ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ አሮን ኮፕላንድ እ.ኤ.አ. በ1942 የአብርሃም ሊንከንን ንግግሮች እንዲህ አድርጎ አስነብቧል። እዚህ ግን የሚያነበው ጎረቤትሽ ነው።

ከእኛ ወገን የተመረጠችው የኮምቦልቻ ልጅ ናት። አዘጋጆቹ ስለ ስደት፣ ስለ ባሕር፣ ስለ በረሃ እንድትጽፍ ነበር ልባቸው። (ሁሌ እንደዚያ ነው፤ ካላለቀስን ጸሐፊ አንሆንም።) እሷ እቴ! ሰኞ ሰኞ ከእናቷ ጋር ባቲ ገበያ ስለምትወርድበት ጊዜ ጻፈች። ግመሉን፣ ጨው የጫነውን አፋር፣ እናቷ በርበሬ ስትገዛ አንዷን ዛላ ሰብራ ፍሬዋን እንዴት እንደምታሸት። ያነበበችው በአማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ከኋላዋ ስክሪን ላይ ይወጣል።

ኦቦ የሚሉት መሣሪያ አንዲት ድምፅ ሰጠ፣ ሁሉም በሷ ተቃኘ፣ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ አልጣመኝም። ሹፌሩ ሲያነብ ቫዮሊኖቹ ከሥር እየጮሁ ድምፁን ዋጡት፣ ከፊት ተቀምጬ እንኳ ግማሹን አልሰማሁም። በእሷ ጊዜ ግን ቼሎ የሚሉት፣ ከቫዮሊን ተለቅ ያለው ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ብቻ ቀረ። አንድ አንቀጽ ታነባለች፣ ዝም ትላለች፣ ቼሎው በባቲ ቅኝት ይመልስላታል። ፈረንጁ ቅኝቱን ከስልኩ እየሰማ ነው ያጠናው፤ አንዳንዴ ይስታል፣ ግን ባቲ ናት፣ አልጠፋችኝም። ወረቀቱ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፣ ድምጿ ግን ንቅንቅ አላለም።

አጎቴ ቪዲዮውን ደግሞ አየና "ይሄማ የኛው ነው" አለ። "አዝማሪ ግጥም ሲያወርድ ማሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል፣ ጨርሶ ነው የሚያስለቅሰው። መንዙማውም መሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል። በላይ በላዩ ከተጫነውማ ማን ሊሰማ!" ልክ ነው። ለሹፌሩ ይህን የነገረለት ሰው ቢኖር ኖሮ!

አክስቴን ያስጨነቃት ሌላ ነው። "ተከፈላት?"

"የትራንስፖርት ሰጧት።"

"ያ ሁሉ ሐበሻ ተቀምጦ ግንባሯ ላይ የሚለጥፍላት ጠፋ?"

"እትዬ፣ እዚያ አገር ኪሱ ብር የሚይዝ የለም። ሁሉም በካርድ ነው።"

"ታዲያ ካርዱን አትለጥፉላትም!"