የሪክሎዘር መፈተሻ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የኬብሉን ጫፍ እዩ

የሪሌይ (ብልሽት ሲያይ መስመሩ እንዲቆረጥ የሚያዝ መሣሪያ) መፈተሻ ይገዛ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አምፒር ያወጣል?» ነው። ለሪክሎዘር፣ ማለትም ምሶሶ ላይ ተሰቅሎ ብልሽት ሲኖር መስመሩን ከፍቶ (ቆርጦ) ራሱ መልሶ ለሚዘጋው (ለሚያገናኘው) ማብሪያ ማጥፊያ፣ ግን ይህ ጥያቄ ብዙም አይረባም። ሲቲው (ከረንቱን የሚያሳንሰው ትራንስፎርመር) 1000 ለ 1 ከሆነ መስመሩ ላይ 400 አምፒር ሲሄድ የሪክሎዘሩ መቆጣጠሪያ ሳጥን ጋ የሚደርሰው 0.4 አምፒር ነው። ለዚህ ብሎ ብዙ አምፒር የሚያወጣ ከባድ ማሽን ምሶሶ ሥር ድረስ መሸከም ምን ይሉታል?

እኔ መጀመሪያ የማየው የኬብሉን ጫፍ ነው። ከሪክሎዘሩ ወደ ሳጥኑ የሚወርደው ኬብል ከረንቱንም፣ የክፈትና ዝጋ ትዕዛዙንም፣ «ክፍት ነኝ፣ ዝግ ነኝ» የሚለውን ምልክትም ይዞ ነው የሚመጣው፤ መሰኪያው ደግሞ እንደ አምራቹ ይለያያል። ለእናንተ ሪክሎዘር የሚሆን አስማሚ አብሮ ካልመጣ ሽቦ በሽቦ ስትፈቱና ስታስሩ መዋላችሁ ነው። ቮልቴጁንም ልብ በሉ። አንዳንዱ ሳጥን ከሴንሰር የሚመጣ ጥቂት ቮልት ብቻ ነው የሚጠብቀው። እዚያ ላይ እንደ ፒቲ (ቮልቴጅ የሚያሳንሰው ትራንስፎርመር) 110 ቮልት ከለቀቃችሁበት፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱን ደህና ሁን በሉት።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መስመሮቻችን ላይ ባሕር ዛፍ ነካ አድርጎት የሚያልፍ ፎልት (ብልሽት) ሞልቷል፤ ሪክሎዘርም የሚሰቀለው ለዚሁ ነው። ይከፍታል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይዘጋል፣ ፎልቱ ካልለቀቀ ደግሞ ይከፍታል፣ በመጨረሻ ሎክ አውት፤ ተከፍቶ ይቀራል። ይህን ለመፈተሽ ማሽኑ ራሱ ሪክሎዘር መሆን አለበት። የክፈት ትዕዛዝ ሲመጣ ከረንቱን ቆርጦ «ተከፍቻለሁ» ብሎ ይመልስ፣ ዝጋ ሲባል ፎልቱን እንደገና ያስገባ። ያለዚያ ሳጥኑ ሪክሎዘሩ እምቢ አለ ብሎ አላርም ያሰማና ፈተናው እዚያው ያበቃል። ለምሳሌ ስታንዳርድ ኢንቨርስ ከርቭ (ከረንቱ ሲጨምር የመክፈቻ ጊዜው የሚያጥርበት)፣ ታይም መልቲፕላየር (የጊዜው ማባዣ) 0.1 ከሆነ፣ በሴቲንጉ (መሥራት እንዲጀምር በተሞላለት ከረንት) 5 እጥፍ 0.43 ሰከንድ ገደማ ላይ መክፈት አለበት። ከፈተ እንበል። ሁለተኛው ትሪፕስ (መክፈቱስ)? ዴድ ታይሙስ (ተከፍቶ የሚጠብቅበት ጊዜስ)? የመጀመሪያዋን ብቻ ለክቶ ሪፖርት ላይ መፈረም ለእኔ ፈተና አይባልም።

ሰብስቴሽን ውስጥ ያሉት አሮጌ ባለ ዲስክ ሪሌዮች ሌላ ጣጣ አላቸው። ባለ 5 አምፒር የኧርዝ ፎልት (ወደ መሬት የሚፈስ ብልሽት) ሪሌይ 10 በመቶ፣ ማለትም 0.5 አምፒር፣ ላይ ተደርጎ በዚያ ሴቲንግ 3 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) የሚወስድ ከሆነ ኢምፔዳንሱ (ለከረንቱ ያለው ተቃውሞ) 12 ኦም ነው። አሥር እጥፍ፣ ማለትም 5 አምፒር፣ ለመግፋት 60 ቮልት ሊያስፈልግ ነው፤ ኮሩ (የብረት እምብርቱ) ሳቹሬት ስለሚያደርግ፣ ማግኔት ስለሚጠግብ፣ በተግባር ትንሽ ይቀንሳል። ካታሎጉ ላይ በትልቁ የተጻፈው «32 አምፒር» ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። በስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቁ።

ጨረታው ውስጥ ካሊብሬሽኑ የት እንደሚሠራና የሶፍትዌር ላይሰንሱ በየዓመቱ ይከፈልበት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ ሻጩን ማሽኑን ይዞ እንዲመጣ አድርጉት። የራሳችሁን ሳጥን አቅርቡለትና ሙሉውን ዙር እስከ ሎክ አውት ያሳያችሁ፤ ባትሪ ላይ ብቻ ሆኖም ይድገመው። ውል የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።